«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያለው ማን ሆነና?

ሰሞኑን አንድ ሰርግ ላይ «ሐኪም ይሻላል፣ ጠበል ይሻላል» የሚል ክርክር ተነሣ። አንዱ ጎረምሳ ለጠበሉ ወደሚሟገቱት አጎቱ ዞሮ «ጋሼ፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም!» ሲል ሁሉም ሳቀ። ተረቱን ሃይማኖት የጠላ ሰው ያወጣው ይመስል።

ያወጡት እኮ ጠምጣሚዎቹ፣ ቄሶቹ ራሳቸው ናቸው።

ልጅ ሆኜ ጎጃም፣ ከአያቴ ቤት በላይ ቅኔ ቤት ነበር። ተማሪዎቹ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ደጃችን ይቆማሉ። አያቴ ቁራሽ እስክታወጣ ውሻችን ያስጨንቃቸዋል። ከዚያ እያንዳንዱ ጥጉን ይዞ፣ ደበሎውን ተከናንቦ ቅኔ ይቆጥራል። ሲሞላለት ለየኔታ ይነግራል። ጀማሪ በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይፍጨረጨራል፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ገና ሩቅ ነው። ምሥጢሩ የቱንም ያህል ቢረቅ፣ ግሱ ከተሳተ ወይም ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ የኔታ አይምሩም። ሲሰምርለት ብቻ «ይበል!» ይባልለታል። ምሥጢርን በሰዋስው የሚፈትን ቤት ነው እንግዲህ። እርግጥ አእምሮ ይከፍታል ብሎ አብሾ የሚጠጣም አይጠፋም ነበር። አብሾ ደግሞ መርዝ ነው፤ ያሳብዳል። አመክንዮውም አስማቱም አንድ ጎጆ ውስጥ ያድሩ ነበር ማለት ነው።

ተረቱ ከየት መጣ ካላችሁ የራሴ ግምት አለኝ። ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሳችን ከግብፅ የሚመጣ ነበር። አንዱ ሲሞት ሌላው እስኪመጣ ዓመታት ያልፋሉ። ክህነት የሚሰጠው ደግሞ ጳጳስ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጳጳስ ተገኘ ሲባል ሕዝቡ ለክህነት ይጎርፋል። በ1520 እ.ኤ.አ. የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጳጳሱ አቡነ ማርቆስ በአንድ ጊዜ ከ2 ሺህ በላይ ቄሶች ሲክኑ ማየቱን ጽፏል። ለዲቁና ደግሞ የታቀፉ ሕፃናት ሳይቀሩ ይመጡ ነበር። ቅኔ ቤት ዕድሜውን የፈጀ ሊቅ ይህን ግርግር ቆሞ ሲያይ ምን ይበል? ለእኔ ተረቱ የወጣው ከዚህ ንዴት ነው። ማስረጃ አምጣ እንዳትሉኝ ብቻ።

እና ዛሬ ሳይማር «አጥማቂ ነኝ» የሚል ሰው ተረቱ ቢነገርበት ደግ፣ ይገባዋል። ርዕስ ብቻ አንብቦ «ሳይንስ አረጋግጧል» የሚለውን ግን ማንም በዚህ ተረት ሲነካው ሰምቼ አላውቅም። እሱንም ንኩት እንጂ፣ ቄስ ላይ ብቻ ምን አስጨከናችሁ?