በፕላስቲክ ሞዴል ላይ የፈሰሰ ሙጫ፦ ከቀለም በፊት የሚደረግ ጥገና

እንደ ጃፓኑ ታሚያና እንደ እንግሊዙ ኤርፊክስ ያሉ ድርጅቶች የሚያመርቷቸው ተገጣጣሚ የአውሮፕላን፣ የታንክና የመኪና ሞዴሎች በአብዛኛው የሚሠሩት ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ለዚህ ፕላስቲክ የሚዘጋጀው ሙጫ እንደ እንጨት ኮላ በሁለት ነገሮች መካከል ገብቶ የሚደርቅ አይደለም። የሁለቱን ክፍሎች ጠርዝ አሟሙቶ ያዋህድና ራሱ ተንኖ ይጠፋል፤ ሥራው ከማጣበቅ ይልቅ ለብየዳ ይቀርባል። ስለዚህ ከመጋጠሚያው ውጭ ፈስሶ የሚታየው ጠባሳ በአመዛኙ ቀልጦ መልሶ የጠነከረ የሞዴሉ ፕላስቲክ ነው። በጨርቅ የማይለቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶንማ ጭራሽ ፕላስቲኩን ይበላዋል።

ነገሩን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ጠብታው ሳይሆን ጥድፊያው ነው። እርጥብ ሙጫ በጣት ሲጠረግ አሻራው እስከ መስመሩ ድረስ ይታተማል። ሳይነኩት ቢተዉት ግን ቀጭኑ በብሩሽ የሚቀባው ሙጫ ተንኖ ትንሽ የሚያብረቀርቅ ቦታ ብቻ ይተዋል፤ ያንን ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ ቀለም፣ ይሸፍነዋል። ቀጭን ሙጫ በጠባብ ክፍተት ውስጥ በራሱ ስለሚሳብ፣ መጋጠሚያው ላይ ጣት ካረፈ ወይም የወረቀት ፕላስተር ከተለጠፈ በሥሩ ሾልኮ ይገባና ጠባሳ ያበጃል። ፕላስተሩን አራርቆ ለጥፎ በመካከሉ ብቻ መቀባት ይህን ያስቀራል።

ቀጭኑ ሙጫ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ወፍራሙ የቱቦ ሙጫ ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ሊቆይ ይገባል። ውስጡ ሳይደርቅ የተሞረደ ፕላስቲክ እየተቦጨቀ የብርጭቆ ወረቀቱን ይደፍነዋል። ከዚህ የሚብሰው ግን በኋላ የሚመጣው ነው፦ ፕላስቲኩን ያሟሟው የሙጫው ፈሳሽ ቅሪት ከሳምንታት በኋላ ሲወጣ መጋጠሚያው ይሰረጉድና ባለቀ ቀለም ላይ መስመር ብቅ ይላል።

ከደረቀ በኋላ እብጠቱን በምላጭ ጀርባ ፋቅ ፋቅ አድርጎ ማስተካከል ይቻላል። ሻካራው ባለ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ለትልቅ እብጠት ብቻ ነው፤ ከዚያ እየለሰለሱ የሚሄዱት 600፣ 800 እና 1000 በተራ ይከተላሉ። አንዱን ቁጥር መዝለል ቀለም የማይደብቀው ጭረት ይተዋል። ወረቀቱ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በገባበት ውኃ ይነከር፤ አቧራውም አይነሳም፣ ወረቀቱም አይደፈንም። በባዶ ጣት መሞረድ ጎድጓዳ ስለሚያወጣ ወረቀቱን በጠፍጣፋ ላጲስ ላይ መጠቅለል ይሻላል። አሻራው ጠልቆ ከገባ ሙሉውን ቦታ ዝቅ ከማድረግ ስቱኮ መሙላት ይቀላል፤ ስቱኮው ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ በስስ በስሱ፣ እያደረቁ ይደረባል። በሞረዳ የጠፋ የሰሌዳ መስመር (የብረት ሰሌዳዎችን መጋጠሚያ የሚያሳየው ቀጭን ጭረት) ጠንካራ ፕላስተር እንደ ማስመሪያ ለጥፎ በመርፌ ይመለሳል። መርፌውን ሦስት አራት ጊዜ በቀስታ መመላለስ እንጂ አንዴ መጫን አያዋጣም፤ ያመልጣል።

ሱፐር ግሉ ጠባዩ ሌላ ነው። ፕላስቲኩን አያቀልጥም፣ ላዩ ላይ ይጠነክራል፤ በማግሥቱ ከፕላስቲኩ በልጦ ስለሚጠጥር የፈሰሰው ሲሞረድ ዙሪያው ይበላል እንጂ እሱ አይነካም። በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ መሞረድ ያለበት ለዚህ ነው። ትነቱም የአብራሪውን ክፍል መስታወት ነጭ ጉም ያለብሰዋል። ጉሙ በባለ 2000 ወረቀትና በፖሊሽ ይለቃል፣ ግን አድካሚ ነው። ለመስታወት ነጭ ኮላ ይበቃል፤ ቢፈስም ሳይደርቅ በእርጥብ ጥጥ ይጠረጋል።

በመጨረሻ ሞዴሉ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ይታጠባል፤ ትኩስ ውኃ ቀጫጭን ክፍሎችን ያጣምማል። ሲደርቅ የተጠገነው ቦታ ስስ ግራጫ ፕራይመር ይቀባና መብራት ከጎን ይበራበታል። ጥላ ካሳየ ወደ ሞረዳ መመለስ ነው። የብር ቀለምና አንጸባራቂ ጥቁር ምንም አይደብቁም፤ ለእነሱ እስከ 2000 መሄድ ያስፈልጋል። ለማያብረቀርቅ የታንክ አረንጓዴ ግን 800 ይበቃል።