ሜንታሊዝም ምንድን ነው? ለምንስ አያረጅም?

"ሜንታሊዝም ማለት የሰውን ፊትና እንቅስቃሴ አይቶ ሐሳቡን ማወቅ ነው። ዛሬ ግን ማንም ሰው ስልኩን ከፍቶ ምስጢሩን ስለሚያገኘው ከአሮጌዎቹ ባለሙያዎች ጋር የሚቀበር ጥበብ ሆኗል።" ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ይህን በልበ ሙሉነት ሲናገር ሰማሁ። ከዚህ በፊትም በሠርግ አዳራሽ፣ በትምህርት ቤት መዝጊያ በዓልና በወጣት ማዕከል፣ ቃሉ ትንሽ እየተለወጠ፣ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች ስህተት ናቸው፤ ሁለተኛውም የተወለደው ከመጀመሪያው ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ሜንታሊዝም የምሠራውም ከኮዬ ፈጬ እስከ ሰበታ ባሉ አዳራሾች ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሜንታሊዝም የመድረክ ትርኢት ነው። ትርኢቱ የሚቆመው በዘዴና በሰበብ ነው። ዘዴው ነገሩ በእርግጥ የተሠራበት መንገድ ነው፤ የታጠፈ ወረቀት፣ አስቀድሞ የተጠና ዝርዝር፣ ሁለት ሰዎች የተስማሙበት ምልክት፣ የእጅ ቅልጥፍና። ሰበቡ ደግሞ ባለሙያው "ይህን የማደርገው በዚህ ኃይል ነው" ብሎ ለተመልካቹ የሚያቀርበው ምክንያት ነው። ዘዴው ይደበቃል፤ ሰበቡ ይነገራል። አስተያየት ሰጪያችን ሰበቡን ሰምቶ ዘዴው መሰለው። ባለሙያው "ዓይንህን አይቼ አወቅሁ" አለው፤ አመነ፤ ከዚያም ያመነውን ለሕዝብ እንደ ትርጉም አስተማረ።

አዝማሪ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነውና በዚያ ላስረዳ። አዲስ እንግዳ ገብቶ ገና ሳይደላደል አዝማሪው ስለ እሱ መግጠም ይጀምራል። ስሙን ይጠራዋል፤ አገሩን ይነካካዋል፤ አጠገቡ ስለተቀመጠችው ሴት እሱ ያልተናገረውን ይናገራል። እንግዳው ይደነግጣል፤ ጓደኞቹ ይስቃሉ። አዝማሪው ግን የማንንም ልብ አላነበበም። ጫማውን አየ፤ ጓደኛው የሹክሹክታ ያህል የነገረውን ያዘ፤ "ተቀበል" ተብሎ ከአንዱ ጠረጴዛ የተወረወረለትን ስንኝ ለሌላው መለሰ። ማሲንቆው ያው ባለ አንድ ክር ማሲንቆ ነው፤ ዜማውም አባቱ የተጫወተው ዜማ ሊሆን ይችላል። አዲስ የሚሆነው ግጥሙ ነው፤ ዛሬ ማታ የገባው ሰው አዲስ ነውና። አምና ለመጣ እንግዳ የተገጠመውን ስንኝ ዛሬ ቢደግመው ግንባሩ ላይ ብር የሚለጥፍለት አያገኝም። በሜንታሊዝም ዘዴው ማሲንቆው፣ ሰበቡ ግጥሙ ነው። ጥበቡ ከአንዱ የባለሙያ ትውልድ ወደ ሌላው ይዘልቃል ወይ ለሚል ሰው መልሴ ይኸው ነው፤ ማሲንቆው ይዘልቃል፣ ግጥሙን ግን እያንዳንዱ ትውልድ በዘመኑ ካለው እምነት ለቅሞ እንደ አዲስ መግጠም አለበት።

በታሪክ የሆነውም ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 ፈረንሳዊው ምትሃተኛ ሮቤር-ኡደን በፓሪስ ትያትር ቤቱ ልጁን ኤሚልን ዓይኑን ሸፍኖ መድረክ ላይ ያስቀምጠው ነበር። አባትየው በተመልካቾች መካከል እየዞረ ዕቃ ይቀበላል፤ ልጁ ሳያይ ምንነቱን ይናገራል። ሰበቡ "ሁለተኛ እይታ" ነበር። ተመልካቾች በጥያቄው ቃላት ውስጥ ምልክት አለ ብለው ሲጠረጥሩ አባትየው መጠየቁን ትቶ ደወል ብቻ መምታት ጀመረ። ሁለቱ በሱቅ መስኮት ፊት አንድ ጊዜ አልፈው ያዩትን ዕቃ ሁሉ በወረቀት እያሰፈሩ ዓይናቸውን ያሠለጥኑ እንደነበር ሮቤር-ኡደን ራሱ ጽፏል። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1848 በኒው ዮርክ ግዛት የፎክስ እህቶች "ሙታን እያንኳኩ ይመልሱልናል" አሉና ሰበቡ ወደ መናፍስት ዞረ። ማርጋሬት ፎክስ በ1888 ሕዝብ ፊት ቆማ ኳኳታው የእግር ጣቷ መገጣጠሚያ ድምፅ መሆኑን እስክታሳይ ድረስ አርባ ዓመት ነጎደ።

ሬዲዮ በየቤቱ ከገባ በኋላ ሐሳብም ያለ ሽቦ ይተላለፋል ማለት ለጆሮ አልከበደም። በ1949 እና በ1950 አውስትራሊያውያኑ ባልና ሚስት ሲድኒና ሌስሊ ፒዲንግተን በቢቢሲ ሬዲዮ ይቀርቡ ነበር። አንድ ጊዜ ሲድኒ ስቱዲዮ ሆኖ፣ ሌስሊ በለንደን ግንብ ውስጥ ተቀምጣ፣ ስቱዲዮው ውስጥ ከመጽሐፍ የተመረጠ አንድ መስመር ተናገረች። ሲድኒ ይህን ሥራ የጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሲንጋፖር ቻንጊ የጦር ምርኮኛ ሆኖ፣ አብረውት የታሰሩትን ለማዝናናት ነበር። ዝግጅታቸውን የሚዘጉት "ዳኛው እናንተ ናችሁ" በማለት ነበር። በዚያው ዘመን ቻን ካናስታ የተባለ ባለሙያ ሥራዎቹን "ሙከራ" እያለ በቴሌቪዥን ያቀርብ ነበር፤ አንዳንዱ ሙከራ ሲከሽፍበት ተመልካቹ ይበልጥ ያምነዋል፤ ማታለያ ቢሆን እንዴት ይከሽፋል ብሎ።

ከእ.ኤ.አ. 2000 ጀምሮ እንግሊዛዊው ዴረን ብራውን በቴሌቪዥን ሲመጣ ሰበቡ ሥነ ልቦና ሆነ። አስተያየት ሰጪያችን የሰማው የዚህን ሰበብ ማሚቶ ነው። ብራውን ግን ሥራው ምትሃት፣ በቃል መገፋፋት፣ ሥነ ልቦና፣ ትኩረት ማዛወርና የመድረክ ጥበብ የተደባለቀበት መሆኑን በግልጽ ይናገራል። የእኛ ሰዎች ከአምስቱ አንዱን አንሥተው አራቱን ጣሉ።

የሚያበሳጨኝም ይህ ነው፤ ወጣቶችን ያደክማልና። "ዓይኑ ወደዚህ ካየ ይዋሻል፣ ወደዚያ ካየ ያስታውሳል" የሚል ሠንጠረዥ ሸምድደው የሚመጡ ልጆች አሉ። ይህ አባባል በእ.ኤ.አ. 2012 በታተመ ጥናት ሲፈተሽ ምንም ድጋፍ አላገኘም። በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ "የየራሳችሁ የባሕርይ ውጤት ነው" ብሎ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሰጣቸው፤ ከአምስት በአማካይ 4.3 ያህል ሰጡት። ጽሑፉን የለቀመው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። በእርግጥ የፎረር ተማሪዎች መምህራቸውን ያምኑ ነበር፤ አዳራሽ ውስጥ ክንዱን አጣጥፎ የተቀመጠ የዕድር ዳኛ እንደዚያ አያጨበጭብም።

ከሰውነት የሚነበብ ነገር ፈጽሞ የለም እያልኩ አይደለም። በርሊን ውስጥ ሒሳብ ያሰላል የተባለለት ሐንስ የሚባል ፈረስ ነበር፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኦስካር ፑንግስት በ1907 እንዳሳየው ፈረሱ ይከተል የነበረው የጠያቂውን ሳይታወቅ የሚያመልጥ የራስ እንቅስቃሴ ነው። በመድረክም የተደበቀ ቁልፍ የት እንዳለ የሚያውቀውን ሰው እጅ ይዞ፣ ጡንቻው ሳያውቀው በሚሰጠው ትንሽ ግፊት እየተመሩ ማግኘት ይቻላል። በሶቪየት ኅብረት ዎልፍ ሜሲንግ የተባለ ባለሙያ በዚህ ስሙ ገንኗል። እኛ ጋ ግን የተከበረች ባለትዳር እጇን ለማያውቃት ሰው በጎረቤት ፊት አትሰጥም፤ ስለዚህ እሷ የነጠላውን አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን እንይዛለን። ነጠላው ሲወጠርና ሲላላ እጅ ከሚናገረው ያላነሰ ይናገራል። ሰውየው የጠጣ እንደሆነ ወይም ቁልፉ ባይገኝ የሚወድ እንደሆነ ግን አይሠራም፤ ይህን መጽሐፍ ላይ ቢያነቡትም መድረክ ላይ ካልቀመሱት አይገባም።

ምስጢሩ በስልክ ወጥቷል የሚለውንም ልመልስ። ምስጢሩ የወጣው ዛሬ አይደለም። ሬጂናልድ ስኮት የተባለ እንግሊዛዊ የምትሃተኞችን ዘዴ በ1584 በመጽሐፍ አሳትሟል፤ ያደረገውም ንጹሐን ሰዎች በጥንቆላ እየተከሰሱ እንዳይቀጡ ብሎ ነው። ይኸው ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ማሲንቆ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ አዝማሪ አያደርግም። ስልክ ላይ የማይገኘው ደግሞ አማርኛው ነው። ሮቤር-ኡደንና ልጁ የሠሩትን የሁለት ሰው ትርኢት ወደ እኛ ቋንቋ ማምጣት የፈለጉ ልጆች መጀመሪያ የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው፤ ዓይኗ የተሸፈነውን ልጅ "ይህች ሴት የያዘችው ምንድን ነው?" ብለው ይጠይቋታል። "የያዘችው" ሲባል ባለዕቃዋ ሴት መሆኗ ታወቀ። "የያዙት" ቢባል ትልቅ ሰው መሆናቸው ታወቀ። ተመልካቹም አማርኛ ተናጋሪ ነውና ወዲያው ይነቃል፤ "ነገራት እኮ!" ይላል። ስለዚህ ጥያቄው "ምን ይታይሻል?" ብቻ ይሆናል፤ ሌላው ሁሉ በሌላ መንገድ ይተላለፋል። በሰኔ ዝናብ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መብራት ጠፍቶ ማይክሮፎን በሌለበት ደግሞ በድምፅ የሚተላለፍ ምልክት ሁሉ ዋጋ የለውም። ይህን ከሌላ አገር የመጣ ቪዲዮ አይነግራቸውም።

ስምም እንዲሁ ነው። አብዮት የሚባል ሰው ሲነሣ በ1966 ዓ.ም. ግድም ወይም ከዚያ ወዲህ መወለዱን መገመት ብዙ አያሳስትም፤ የአባት ስም ሲጨመርበት የሌላ ትውልድ ወሬ ይመጣል። አዝማሪም የሚሠራው በዚህ ነው።

ተመልካቹም እንደ ሰፈሩ ይለያያል። ቡራዩ ነባር ሰፈር ብትሠሩ ሰው ይተዋወቃል፤ አንዲት ሴት ወደ መድረክ ስትወጣ አዳራሹ በሙሉ እማኝ ይሆንላታል፤ "እሷማ አትዋሽም" ይላል። ኮዬ ፈጬ ግን ሰው በዕጣ የተሰባሰበበት የጋራ መኖሪያ ቤት ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ገና አልተለማመደም፤ የወጣው ሰው ሁሉ "የተቀጠረ ነው" ይባላል። እዚያ ሰው የምመርጠው እኔ አይደለሁም፤ የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ይመርጣሉ፤ ያም ሰው ሌላ ሰው ይመርጣል። ትርኢቱ ይረዝማል፤ ግን ይታመናል።

አሁን ወደሚከብደው ነገር። ሰበብ በእኛ አካባቢ ቀልድ አይደለም። ስኒ የሚያነቡ፣ ሞራ የሚገልጹ፣ ኮከብ የሚቆጥሩ ሰዎች ደጃፍ ዛሬም ሰልፍ አለ። አንድ ቀን ከትርኢት በኋላ አንዲት እናት ጠብቀው ያዙኝ። "ልጄ፣ የአንገት ወርቄ ጠፍቶብኛል። የቤት ሠራተኛዋን ጠርጥሬያለሁ። ስሟን በወረቀት ልጻፍልህና አንተ ንገረኝ" አሉ። ወረቀቱን ቀድመው አጥፈው በመዳፋቸው ይዘውታል። "እናቴ፣ እርስዎ ያዩት ጨዋታ ነው፤ እኔ የማውቀው አንዳች ነገር የለም" አልኳቸው። አላመኑኝም። መድረክ ላይ የጎረቤታቸውን ሐሳብ ያወቅሁ ሰው ለእሳቸው ሲሆን የደበቅኋቸው መሰላቸው።

አንዲት ምስኪን ልጅ በእኔ አንድ ቃል እንጀራዋን ልታጣ፣ ከዚያም አልፎ ልትታሰር ትችል ነበር። ይህ አዲስ ፍርሃት አይደለም። አያቶቻችን ሌባሻይን ያውቁታል፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ በወገቡ ታስሮ፣ ገመዱን የያዘ ሰው እየተከተለው፣ የገባበት ቤት የሌባ ቤት ይባል ነበር። የነጠላ ጫፍ ይዞ ቁልፍ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው፣ ገመዱን የያዘው ምን ያህል ሊናገር እንደሚችል ይገባዋል። ስለዚህ ከትርኢቱ በፊት "ይህ ትርኢት ነው፤ የጠፋ ዕቃ አላገኝም፣ በሽታ አላውቅም፣ ስለ ትዳር አልናገርም" እላለሁ፤ በመጨረሻም እደግመዋለሁ። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ይህ አድናቆቱን ይገድለዋል ይላሉ። አልስማማም። አዝማሪው መልአክ ነገረኝ ሳይል ስንት ዘመን ሰውን አስደንቋል!

የአሁኖቹ ልጆች ምን ሰበብ ይዘዋል? ብዙዎቹ ስልክን። "ስልክህ ሁሉን ነግሮኛል" ይላሉ። ብልህ ሰበብ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስለ ጫማ ባወራ ማግስት የጫማ ማስታወቂያ አይቷልና ስልኩ እንደሚሰማው በልቡ ያምናል። አደጋውም እዚያው ነው፤ ሰው ከሚገባው በላይ የሚያምነውን ነገር ማጽናት ይሆናል። የተመልካችን ስልክ ተከፍቶ እጃቸው እንዲገባም አልፈቅድላቸውም፤ በውስጡ የባንክ መልእክትም፣ የፍቅር መልእክትም አለ።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ወጣት ግን ሰበቡን ገለበጠችው። ባለፈው ኮዬ ፈጬ ስትሠራ ስልኮቹን ሁሉ አስጠፍታ በአንድ መሶብ አሰበሰበች፤ መሶቡንም ለኮሚቴው ጸሐፊ አስረከበች። ከዚያ "ስልካችሁ የማያውቀውን አንድ ነገር አስቡ፤ የትም ያልጻፋችሁትን የልጅነት ቅጽል ስማችሁን" አለች። አንድ የሃምሳ ዓመት ሰው ተነሡ። ስሙን ስትጠራው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከተወለዱበት ቀዬ ከወጡ ወዲህ በዚያ ስም የጠራቸው አልነበረም። የተጠቀመችበትን ዘዴ ሮቤር-ኡደን ቢያይ ወዲያው ያውቀው ነበር፤ ሰበቡን ግን ከእሷ ትውልድ በፊት ማንም ሊያስበው አይችልም ነበር። ቡራዩ ስትሠራው ግን መለወጥ ይኖርባታል፤ እዚያ የሰውን የልጅነት ቅጽል ስም ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።