የሆኪ ክለብን ወደ አነስተኛ ገበያ ከተማ ማዛወር ምንድን ነው?

በሰሜን አሜሪካ የአይስ ሆኪ ዓለም አንድ ክለብ ተጫዋቾቹን፣ ውሎቹንና የሊግ አባልነቱን እንደያዘ ከአንድ ከተማ ተነሥቶ ሌላ ከተማ ሊገባ ይችላል። ክለቡ እንደ አዲስ አይመሠረትም፤ ከታችኛው እርከንም አይጀምርም፤ የሚለወጠው የሚጫወትበት አዳራሽ፣ ትኬቱን የሚገዛው ሕዝብና አብዛኛውን ጊዜም ስሙ ነው። የአውሮፓን እግር ኳስ ለሚከታተል አንባቢ ይህ እንግዳ ሊመስለው ይችላል። የለንደኑ ዊምብልደን በ2003 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወደ ሚልተን ኪንስ ሲሄድ ደጋፊዎቹ አስቀድመው የራሳቸውን ክለብ እስከ ማቋቋም መድረሳቸው፣ ድርጊቱ በእንግሊዝ ምን ያህል እንደ ነውር እንደተቆጠረ ያሳያል። በብሔራዊ የሆኪ ሊግ፣ በምህፃሩ ኤን ኤች ኤል፣ ግን ነገሩ ከሥሩ የተለየ ነው። ሊጉ ዝግ ነው፤ መውረድም ሆነ ማደግ የለም፤ የክለብ ባለቤት የሚገዛውም በአንድ የተከለለ ግዛት ውስጥ የመሥራት ፈቃድ ነው። ይህን ግዛት ለመቀየር ደግሞ የሌሎቹ ክለቦች ባለቤቶች በድምፅ መስማማት አለባቸው።

«አነስተኛ ገበያ» የሚባለው የነዋሪው፣ የቴሌቪዥን ተመልካቹና ውድ መቀመጫ የሚከራዩት ኩባንያዎች ቁጥር ከሌሎች የሊጉ ከተሞች ያነሰበት ከተማ ነው። እንዲህ ከሆነ፣ ገንዘብ ፈላጊ ባለሀብት ከትልቅ ከተማ ወደ ትንሽ ለምን ይሄዳል? መልሱ የሚገኘው ሆኪ ገንዘብ በሚያገኝበት መንገድ ላይ ነው። ሆኪ ከብሔራዊ የቴሌቪዥን ውል የሚያገኘው ከአሜሪካ ፉትቦል ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ የክለቡ ህልውና በአብዛኛው የተመሠረተው በየጨዋታው አዳራሹን በሚሞሉት ሰዎች ላይ ነው። ለአንድ ክለብ፣ ሆኪ ምን እንደሆነ ግድ ከማይሰጣቸው ሚሊዮኖች ይልቅ ለዓመቱ ሙሉ አስቀድመው የሚከፍሉ ዐሥራ ሦስት ሺህ ሰዎች ይበልጡበታል።

ለዚህ ከሁሉ የጠራው ምሳሌ በ2011 ከአትላንታ ወደ ዊኒፔግ የተደረገው ዝውውር ነው። አትላንታና በዙሪያዋ ያለው አካባቢ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ሲኖረው፣ የካናዳዋ ዊኒፔግ ከነአካባቢዋ 730 ሺህ ገደማ ነበረች። በ1999 ሊጉን የተቀላቀለው አትላንታ ትራሸርስ በዚያች ከተማ በቆየባቸው ዓመታት ሁሉ ወደ ጥሎ ማለፉ የገባው በ2007 አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ እሱንም በኒው ዮርክ ሬንጀርስ በአራት ተከታታይ ጨዋታዎች ተሸንፎ ወጣ። ባለቤቶቹ እርስ በርሳቸው ፍርድ ቤት የተካሰሱ የሽርክና ቡድን ነበሩ፤ የቅርጫት ኳስ ክለቡንና አዳራሹን ለራሳቸው አስቀርተው የሆኪ ክለቡን ብቻ ለገበያ አወጡት። ያለ አዳራሽ የሚሸጥን ክለብ በዚያው ከተማ ገዝቶ ማቆየት ማለት ለሌላ ሰው ቤት ኪራይ እየከፈሉ መኖር ነውና፣ ገዢ ከውጭ መምጣቱ አያስደንቅም። በእኔ ግምት አትላንታ ክለቧን ያጣችው ከደጋፊዋ ድክመት ይልቅ በዚህ የሽያጭ አወቃቀር ነው።

ገዢው ትሩ ኖርዝ የተባለው የዊኒፔግ ድርጅት ሲሆን፣ ከኋላው ማርክ ቺፕማንና ከካናዳ ቀዳሚ ባለጸጎች አንዱ የሆነው ዴቪድ ቶምሰን ነበሩ። የሽያጩ ጠቅላላ ዋጋ 170 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 60 ሚሊዮኑ ለሊጉ የተከፈለ የመዛወሪያ ክፍያ ነው። የሊጉ ክለቦች ባለቤቶች ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት ዊኒፔግ 13 ሺህ የዓመት ትኬት እንድትሸጥ ዒላማ ተቀመጠ፤ ገዢዎቹም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚያስር ውል የሚፈርሙ ነበሩ። ለሕዝብ ክፍት የሆነው ሽያጭ በደቂቃዎች ውስጥ ተጠናቀቀ። የባለቤቶቹ ቦርድ በሰኔ 2011 ዝውውሩን አጸደቀ፤ ክለቡም ጄትስ የሚለውን የከተማዋን አሮጌ ስም ወሰደ።

ስሙ አሮጌ የሆነው ዊኒፔግ ከዚያ በፊት ክለብ ኖሯት ስላጣችው ነው። የመጀመሪያው ጄትስ በ1996 ወደ አሜሪካዋ ፊኒክስ ተወሰደ፤ ከእሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የኩቤክ ኖርዲክስ ወደ ዴንቨር ሄዶ፣ በመጀመሪያው ዓመቱ ዋንጫውን በማንሣቱ የኩቤክን ሰዎች ቁስል አባብሶ ነበር። ያኔ የካናዳ ክለቦች ገቢያቸውን በደከመው የካናዳ ዶላር ሰብስበው ለተጫዋቾች በአሜሪካ ዶላር ይከፍሉ ነበር፤ ደመወዝም ጣሪያ አልነበረውም። በ2011 ሦስት ነገሮች ተለውጠው ነበር። የ2004-05 ውድድር ዘመን በሙሉ ከተሰረዘበት የባለቤቶችና የተጫዋቾች ክርክር በኋላ ሊጉ የደመወዝ ጣሪያና የገቢ መጋራት ሥርዓት አበጀ፤ የካናዳ ዶላር ከአሜሪካው ጋር እኩል ለመሆን ተቃረበ፤ በ2004 ደግሞ ዊኒፔግ መሀል ከተማ ላይ፣ ባለቤቱ ራሱ ትሩ ኖርዝ የሆነ አዲስ አዳራሽ ተከፈተ። የከተማዋ ሕዝብ ለሆኪ የነበረው ፍቅር በ1996ም ያው ነበር፤ ለውጡ የመጣው በሒሳቡ በኩል ነው።

ዝውውሩ ያልተስተካከሉ ጠርዞችም ነበሩት። ክለቡ የአትላንታን ቦታ በመያዙ፣ ምድቦቹ በ2013 እስኪቀየሩ ድረስ ዊኒፔግ ከፍሎሪዳ ክለቦች ጋር በ«ደቡብ ምሥራቅ» ምድብ ተጫውታለች፤ የጉዞው ርዝመት ለተጫዋቾቹ ቀልድ አልነበረም።

አነስተኛው ገበያ መልሶ የሚያስፈራው ደግሞ እዚህ ነው። 15 ሺህ ገደማ መቀመጫ ያለው የዊኒፔግ አዳራሽ በሊጉ ከትንሾቹ አንዱ በመሆኑ፣ ከሞላ በኋላ ገቢን ለመጨመር የሚቀረው ዋና መንገድ ዋጋ ማስወደድ ነው፤ የዓመት ትኬቱን በብዛት የያዙት ኩባንያዎች ሳይሆኑ ቤተሰቦችና ጓደኛሞች ሲሆኑ ደግሞ ዋጋው ሲጨምር ቶሎ ይለቁታል። ከኮቪድ በኋላ የዊኒፔግ የዓመት ትኬት ቁጥር ከ13 ሺህ ወደ 9 ሺህ 500 ገደማ ወረደ፤ በ2024 መጀመሪያ ላይም ቺፕማን በዚህ ሁኔታ ለረጅም ጊዜ መዝለቅ እንደማይቻል በይፋ ተናገረ። ክለቡ በሜዳ ላይ ደካማ ሆኖ አልነበረም፤ በቀጣዩ ዓመት በመደበኛው ውድድር ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ወጥቷል።

ኩቤክ ሲቲ በበኩሏ በ2015 ከ18 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ አዳራሽ በሕዝብ ገንዘብ ሠርታ ክለብ ጠየቀች። በ2016 ሊጉ ለአዲስ ክለብ የከፈተውን ቦታ ለላስ ቬጋስ ሰጥቶ የኩቤክን ጥያቄ በይደር አቆየው፤ በወቅቱ የካናዳ ዶላር እንደገና ወርዶ ነበር። አዳራሹ ዛሬም የኤን ኤች ኤል ክለብ የለውም።