ጣሳ፣ ጠርሙስ ወይስ ድራፍት? ስለ ክራፍት ቢራ ዋጋ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ መጠጥ መሸጫ እሠራለሁ። ደንበኞቻችን ውስጥ ሐበሻ ብዙ ነው። ሰው ፍሪጁን ከፍቶ ክራፍት ቢራ (ትንንሽ ጠማቂዎች የሚሠሩትን ቢራ) ሲመርጥ ሁሌ አያለሁ። የቢራውን ስም እንኳ ሳያነብ ጣሳ ነው ጠርሙስ ብሎ ይለያል። ስንት ቢከፍል እንደማይቆጨው የሚወስነውም ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ነው።

አገር ቤት ጠርሙሱ ተመላሽ ነው። ባዶ ሳጥን ይዘን ሄደን የሞላ ይዘን እንመለሳለን፤ የከፈልነው ለቢራው ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ተመላሽ የሚባል ነገር የለም። ማሸጊያውንም አብረን ነው የምንገዛው። ታዲያ ገንዘባችን ለምን እንደወጣ ማወቅ አለብን። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«የጣሳ ቢራ ርካሽ ነው፤ ብረት ብረትም ይላል»

ጋሼ የምላቸው አንድ ደንበኛ አሉኝ። «ልጄ፣ ጣሳ ለለስላሳ ነው» ይሉኝ ነበር። ጥርጣሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የጣሳ ቢራ ለገበያ የቀረበው በ1935 ነው፤ ቨርጂንያ፣ ሪችመንድ ውስጥ፣ የክሩገር ቢራ። ከዚያ ወዲህ ጣሳ የትልልቆቹ ፋብሪካዎች ርካሽ ቢራ መለያ ሆኖ ቆየ። ትንንሾቹ ጠማቂዎች ሲመጡ ከእነሱ ለመለየት ጠርሙስን መረጡ።

ይህን ልማድ ከሰበሩት አንዱ እዚሁ አጠገባችን ነው። ላየንስ በምትባል ትንሽ የኮሎራዶ ከተማ፣ ኦስካር ብሉዝ የተባለው ጠማቂ በ2002 ዴልስ ፔል ኤል የተባለውን ቢራውን በጣሳ ማሸግ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ጣሳውን የሚያሽጉት በእጅ ነበር። በኋላ ቬርሞንት ስቴት ያለው አልኬሚስት የተባለ ጠማቂ ሄዲ ቶፐር የተባለውን ቢራውን በ473 ሚሊ ሊትር ጣሳ አወጣ፤ ሰው ከሌላ ስቴት እየነዳ መጥቶ ተሰለፈለት። ርካሽ የተባለው ጣሳ ውድ ቢራ ተሸከመ።

ጣዕሙስ? የጣሳው ውስጥ በስስ ሽፋን የተለበጠ ነው። ቢራው አልሙኒየሙን አይነካውም። ብረት ብረት የሚለው ከንፈራችንና አፍንጫችን ጣሳው ላይ ስለሆነ ነው። ሄዲ ቶፐር ላይ «ከጣሳው ጠጡት» ተብሎ ተጽፏል፤ እኔ ግን ብርጭቆ ውስጥ ቅዱት እላለሁ። ጋሼም ቤታቸው ቀድተው ሞከሩት። በሚቀጥለው ሳምንት መጥተው ያንኑ ጣሳ ጠየቁኝ።

እንዲያውም ጣሳ ጠርሙስን የሚበልጥበት ነገር አለ። የቢራ ጠላት ብርሃን ነው። ለእኛ ጠላና ጠጅ ጌሾ እንደሆነው፣ ለቢራ መራራነት የሚሰጠው ሆፕ ነው። ብርሃን ሲያገኘው ሽታው ይበላሻል፤ አሜሪካኖች ስካንክ ከሚባለው የሚገማ አውሬ ሽታ ጋር ያመሳስሉታል። ቡናማ ጠርሙስ አብዛኛውን ብርሃን ይከላከላል። ብዙ ሰው የጥራት ምልክት የሚያደርገው አረንጓዴው ጠርሙስ ግን የሚረዳው በጥቂቱ ነው። ውስጡ የሚታየው ነጭ ጠርሙስማ ምንም አይል። ጣሳ ጨርሶ ብርሃን አያስገባም።

«ባለ አራቱም ባለ ስድስቱም ያው አንድ ፓክ ነው»

ሰው በጣም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ስድስቱ ትንንሽ ጣሳዎች እያንዳንዳቸው 12 አውንስ (አንዱ አውንስ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው) ይይዛሉ፤ በድምሩ 72። አራቱ ረዣዥሞች 16፣ 16 ናቸው፤ በድምሩ 64። ጣሳዎቹ ትልልቅ ስለሆኑ እጅ ላይ ብዙ ይመስላሉ እንጂ በ8 አውንስ ያንሳሉ። ዋጋቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከስድስቱ ይበልጣል።

ለምሳሌ ስድስቱ 12 ዶላር፣ አራቱ 16 ዶላር ቢሆኑ፣ ስድስቱ በአውንስ 17 ሳንቲም ገደማ፣ አራቱ 25 ሳንቲም ይመጣሉ። ማጭበርበር ነው አልልም። ባለ አራቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ሆፕ የበዛበት፣ አልኮሉም ከፍ ያለ ቢራ ነው፤ ሆፕ ደግሞ ውድ ነው። ግን ተራ ቢራም በዚያው ቁመት ታሽጎ በዚያው ዋጋ ሲቀርብ አይቻለሁ። ሰዉ ረጅሙን ጣሳ ከጥሩ ቢራ ጋር ስላያያዘው ሳይጠይቅ ይከፍላል።

«ትልቅ ጠርሙስ ሁሌ ያዋጣል»

ዘይት ከሆነ ልክ ነው። ቦምበር የሚባለው ባለ 22 አውንስ የቢራ ጠርሙስ ግን 8 ዶላር ቢሸጥ በአውንስ 36 ሳንቲም ነው። ሰው የሚገዛው አንዱን ብቻ ለመቅመስ ወይም ሰው ቤት ይዞ ለመሄድ ነው። ባዶ እጅን ላለመሄድ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ያኮራል፤ ያ ደግሞ ዋጋ አለው። አሁን አሁን ረጅሙ ጣሳ ቦታውን ስለወሰደበት ከመደርደሪያችን እየጠፋ ነው።

በቡሽ የተዘጋው የቤልጂየም ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሌላ ነው። ቢራው ጠርሙሱ ውስጥ እንደገና ይብላላል፤ ጋዝም ይፈጥራል። ግፊቱን የሚችል ወፍራም ጠርሙስና ቡሹን ወጥሮ የሚይዝ ሽቦ ያስፈልገዋል። ወይን መስሎ ለመታየት ብቻ አይደለም።

«ስቲከር የተለጠፈበት ጣሳ ለጌጥ ነው»

አይደለም። ቀለሙ ጣሳው ላይ የታተመው ርካሽ የሚሆነው በብዛት ሲታዘዝ ነው። ቦል የተባለው ትልቁ ጣሳ አምራች በ2022 ዝቅተኛውን ትእዛዝ ለአንድ ዓይነት ሕትመት ወደ አንድ ሚሊዮን ጣሳ ገደማ አሳደገው። በወር ጥቂት በርሜል የሚጠምቅ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ባዶ ጣሳ ገዝቶ ስቲከር ይለጥፋል። ከጨመረባችሁ ዋጋ ውስጥ ያም አለበት።

«ድራፍት ይረክሳል»

አገር ቤት አዎ። እዚህ ጠማቂው ቤት ስትጠጡ የወንበሩንም ትከፍላላችሁ፣ ቲፕም አለ። በትልቅ ማሰሮ መሳይ ጠርሙስ አስቀድታችሁ ቤት ከወሰዳችሁት ደግሞ ጋዙ ሳይወጣ በአንድ ሁለት ቀን ጨርሱት።

ጋሼ አሁን ጣሳውን ገልብጠው ሥሩ ላይ የታሸገበትን ቀን ያነባሉ። ሆፕ የበዛበት ቢራ ሲቆይ መዓዛው ይሞታልና። ትናንት አራት ወር የሆነውን ፓክ ቦታው መለሱትና እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደው በዚህ ወር የታሸገውን አወጡ።