የሃርድ ዲስክ ማገናኛዎችና የፍጥነት ጣሪያቸው

ሃርድ ዲስክን ከማዘርቦርድ ጋር የሚያያይዘው ማገናኛ በአንድ ሰከንድ ሊያልፍ የሚችለውን የመረጃ መጠን ጣሪያ ይወስናል እንጂ ዲስኩ ራሱ እዚያ ጣሪያ ላይ ለመድረሱ ዋስትና አይሰጥም። ይህን ሳይለይ ዕቃ ሊገዛ የወጣ ሰው በማሸጊያው ላይ በሚያነበው ቁጥር በቀላሉ ይሳሳታል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ብቅ ያለውና በኋላ ፓታ የተባለው አይዲኢ የሚባል ማገናኛ 16 ቢት (የመረጃ ትንሿ አሃድ) ጎን ለጎን በአንድ ጊዜ ይልክ ነበር። ኬብሉ ሰፊና ጠፍጣፋ ሲሆን፣ በጠርዙ ላይ ያለው ቀይ መስመር የመጀመሪያውን ፒን ያመለክታል። ሁለት ዲስኮች አንድ ኬብል ሲጋሩ የትኛው ማስተር (ዋናው)፣ የትኛው ስሌቭ (ተከታዩ) እንደሆነ ከዲስኩ ጀርባ ባለችው ትንሽ ጃምፐር፣ ማለትም ሁለት ፒኖችን በምታገናኝ መሰኪያ፣ መለየት ነበረበት፤ ጃምፐሯ ያለቦታዋ ከተሰካች ኮምፒውተሩ ዲስኩን ላያገኘው ይችላል። ፍጥነቱ ሲጨምር ጎን ለጎን የሚጓዙት ምልክቶች እርስ በርስ መረባበሽ ስለጀመሩ፣ በየመካከላቸው ተጨማሪ ሽቦ ገብቶ የሽቦዎቹ ቁጥር ከ40 ወደ 80 ከፍ አለ። ያም ሆኖ የኬብሉ ርዝመት በ46 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተወስኖ፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 133 ሜጋባይት ላይ ቆመ።

እ.ኤ.አ. በ2003 የመጣው ሳታ የተባለው ማገናኛ ቢቶቹን አንዱን ከሌላው አስከትሎ በቀጭን ኬብል ይልካል። 16ቱን ምልክቶች እኩል የማድረስ ጣጣ ስለቀረ ፍጥነቱን ማሳደግ ቀለለ፤ በመጀመሪያው ሳታ ከነበረው 150 በሁለተኛው ወደ 300፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2009 በሦስተኛው ወደ 600 ሜጋባይት በሰከንድ ደረሰ።

ተሽከርካሪው ዲስክ ግን ይህን ጣሪያ አይነካውም። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሳህን አንዱን ዙር በ8.3 ሚሊ ሰከንድ ይጨርሳል፤ ስለዚህ የተፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ 4.2 ሚሊ ሰከንድ ይጠበቃል፣ ማንበቢያው ራሱ ወደ ቦታው ለመሄድ የሚወስደው ጊዜም በዚያ ላይ ይታከላል። እንዲህ ያለው ዲስክ ተከታታይ መረጃ ሲያነብ እንኳ ከ300 ሜጋባይት በሰከንድ የሚያልፈው እምብዛም ስለሆነ፣ ከሁለተኛው ሳታ ወደ ሦስተኛው ማዛወር የሚጨምርለት ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ሁኔታው የተገለበጠው መረጃን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጠውና የሚዞር ክፍል የሌለው ኤስኤስዲ ሲመጣ ነው፤ በሳታ የተገናኘ ኤስኤስዲ 550 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ይታገዳል፣ የሚያግደውም ማገናኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው ኤንቪኤምኢ የተባለው የኤስኤስዲ መገናኛ ደንብ በሳታ ፈንታ ፒሲአይ ኤክስፕረስ በተባለው ፈጣን የማዘርቦርድ መስመር በኩል ስለሚያልፍ፣ በዚህ መስመር አራተኛ ትውልድ ኤስኤስዲው በአራት መስመሮች በሰከንድ እስከ 7,000 ሜጋባይት ያነባል። ሁለተኛው ሳታ ብቻ ላለው አሮጌ ላፕቶፕ ባለቤት ግን ትልቁ ለውጥ ሃርድ ዲስኩን በሳታ ኤስኤስዲ መተካቱ ነው። የተከታታይ ንባብ ፍጥነቱ ግማሽ ያህሉ ቢቀርበትም፣ ያ የ4.2 ሚሊ ሰከንድ ጥበቃ ሙሉ በሙሉ ይወገድለታል።