ኩዌርሰቲን ምንድን ነው? ለአለርጂስ ይሰራል?

ዲሲና ቨርጂኒያ አካባቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ኤፕሪል ላይ ኦክ ዛፉ ሲያብብ መኪናው ሁሉ ቢጫ ዱቄት ይለብሳል፣ አይን ያሳክካል፣ አፍንጫ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ አገር ቤት አለርጂ የሚባል ነገር የማያውቅ ሰው ራሱ እዚህ ትንሽ ከቆየ በኋላ ይጀምረዋል። ያኔ አንዱ ይመጣና "ኪኒኑን ተዉት፣ ኩዌርሰቲን ውሰዱ፣ ናቹራል ነው" ይላችኋል።

ኩዌርሰቲን እጽዋት ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው፣ ፍላቮኖይድ ከሚባሉት አንዱ። እኛ ቤት ደሞ ሞልቷል፣ ቀይ ሽንኩርት ውስጥ ነው ያለው፣ በተለይ ከውጪ ባሉት ልጣጮች፣ ስለዚህ ስትልጡ ደረቁን ብቻ አንሱ። ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ አብሮ ይሄዳል፣ ወጥ ላይ ግን የሚደፋ ነገር ስለሌለ እዛው ይቀራል።

አሰራሩ እንዲህ ነው፦ ፖለን፣ ማለትም ያ ቢጫ የአበባ ዱቄት፣ አፍንጫ ሲገባ ማስት ሴል የሚባሉት ሴሎች ሂስታሚን ይለቃሉ፣ የሚያስነጥሰን እሱ ነው። ዚርቴክና ክላሪቲን የሚባሉት የአለርጂ ኪኒኖች የተለቀቀው ሂስታሚን ስራውን እንዳይሰራ ያግዱታል፣ ኩዌርሰቲን ግን ላብራቶሪ ላይ እንደታየው ገና ከሴሉ እንዳይወጣ ነው የሚያደርገው። ችግሩ ሰው ላይ የተሰሩት ጥናቶች ጥቂትና ትናንሽ ናቸው፣ አንጀታችንም በደንብ አይቀበለውም። መጠኑንም እዩት፣ 100 ግራም ሽንኩርት ውስጥ ከ20 እስከ 40 ሚሊግራም ቢኖር ነው፣ ሰፕልመንቱ ደሞ አንዷ ፍሬ ብዙ ጊዜ 500 ናት፣ ስለዚህ ሽንኩርት በዝቶበት የተሰራ ወጥ በልቶ አለርጂ ይለቀኛል ማለት ዘበት ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ መሞከር የፈለገ ሲዝኑ ሳይገባ ቀደም ብሎ ይጀምር፣ ግን የታዘዘለትን መድሃኒት፣ በተለይ የአስም ኢንሄለሩን፣ እንዳያቆም። ዋርፋሪን (ደም ማቅጠኛ) ወይም ሳይክሎስፖሪን (የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድሃኒት) የምትወስዱ፣ እርጉዝ የሆናችሁም ሀኪማችሁን ሳትጠይቁ እንዳትነኩት። አፕልም ኩዌርሰቲን አለው ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን የበርች ዛፍ ፖለን የማይስማማው ሰው ጥሬ አፕል ሲበላ አፉን ሊያሳክከው ይችላል፣ ሲበስል ብዙ ጊዜ ይተወዋል።

የሰፈር ማር ይሻላል የምትሉም አላችሁ አይደል፣ ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ሞክረውት በ2002 ያወጡት ጥናት ማር እንዲመስል ከተሰራው ሽሮፕ የተለየ ነገር አላገኘበትም፣ ንቧ የምትቀስመው ከአበባ ነው፣ እኛን የሚያስነጥሰን ደሞ ባብዛኛው ንፋስ የሚያመጣው የዛፍና የሳር ፖለን ነው። ናቹራል ካላችሁ አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ የተሻለ ማስረጃ አለው፣ ውሃው ብቻ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፣ በቀጥታ ከቧንቧ አይደረግም።