የባቡር ፖሊስ ሥልጣን ይስፋ? የቱ ሥልጣን?

ባቡር ውስጥ ሰው በተደበደበ፣ ጣቢያ ላይ ቦርሳ በተነጠቀ ቁጥር ያው ክርክር እንደ አዲስ ይጀመራል። አንዱ «ለትራንስፖርት ፖሊሶች ሥልጣን ይጨመርላቸው» ይላል፤ ሌላው «ያላቸውስ መች አነሰ» ብሎ ይነሳበታል። ሁለቱንም «የሚጨመረው ወይም የሚቀነሰው የቱ ሥልጣን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው ዝም ይላሉ። ለዚህ ሙያ ሰልጣኞች ሕግ ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። የሚያበሳጨኝ መንገደኛው የሚለውና የደንብ ልብስ ለብሶ ክፍሌ የሚቀመጠው ሰልጣኝ የሚለው ቃል በቃል አንድ መሆኑ ነው። እንግዲህ እነዚህን የተለመዱ አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።

«ትራፊክ ፖሊስ ማለት ናቸው።»

አይደሉም። ትራፊክ ፖሊስ የሚቆጣጠረው መንገድ ላይ ያለውን አሽከርካሪ ነው። የትራንስፖርት ፖሊስ ተሳፋሪውን፣ ባቡሩን፣ አውቶቡሱንና ጣቢያውን ይጠብቃል።

«ጥበቃ ናቸው እንጂ ፖሊስ አይደሉም።»

እንደየአገሩ ነው፤ ሰው አንድ አገር ያየውን ይዞ ለዓለም ሁሉ ይፈርዳል። የብሪታንያ ትራንስፖርት ፖሊስ በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ የባቡር መስመሮች ላይ ሙሉ ፖሊስ ነው፤ ተጠርጣሪ ይይዛል፣ ወንጀል ይመረምራል። ወጪውን በአብዛኛው የሚሸፍኑት የባቡር ድርጅቶች መሆናቸው ሥልጣኑን አይቀንሰውም። ካናዳ፣ ቫንኩቨር ውስጥ እስከ 2005 ድረስ በከተማ ባቡሩ ላይ የሚሠሩት «ልዩ ኮንስታብል» የሚባሉ ውስን ሥልጣን ያላቸው ሠራተኞች ነበሩ፤ ሥልጣናቸው ከትራንስፖርቱ ንብረት ብዙም አይርቅም ነበር። በዚያ ዓመት መጨረሻ ሙሉ ፖሊስ ሆኑ፣ ሽጉጥ ታጠቁ፣ ሥልጣናቸውም መላውን የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት ሸፈነ። የፈረንሳይ ምድር ባቡር የደኅንነት ሠራተኞች ደግሞ የድርጅቱ ተቀጣሪዎች ናቸው፤ መሣሪያ ሊታጠቁ ይችላሉ፣ ፖሊስ ግን አይደሉም። በ2016 የወጣው ሕግ ሻንጣ መፈተሽና ሰውነት መዳሰስ የሚችሉበትን ሁኔታ ሲያሰፋላቸው የተሳፋሪውን ፈቃድ እንዲጠይቁ አድርጎ ነው።

የሕንዱ ከሁሉም ይበልጥ ያምታታል። እዚያ ጣቢያ ላይ ሁለት ዓይነት የደንብ ልብስ ታያላችሁ። አንደኛው በ1957ቱ ሕግ የባቡር ንብረትን እንዲጠብቅ የተቋቋመው የማዕከላዊው መንግሥት የባቡር ጥበቃ ኃይል ሲሆን ሌላው የየክፍለ ግዛቱ የባቡር ፖሊስ ነው። የጥበቃ ኃይሉ ሥልጣን በ2003 በወጣው ማሻሻያ ወደ ተሳፋሪው ጥበቃ ሰፋ። ያለምክንያት የአደጋ ሰንሰለት የሚጎትተውን ወይም ለሴቶች በተለየ ፉርጎ የሚገባውን ወንድ ይይዛል። ስርቆትና ግድያ የሚመረምረው ግን አሁንም የክፍለ ግዛቱ ፖሊስ ነው። ስልኩ የተሰረቀበት ሰው ይህን ሳያውቅ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢመላለስ አይፈረድበትም። ሥልጣኑን ለሁለት ከፍሎ ለተሳፋሪው በቅጡ ሳይነግር በሚቀረው መሥሪያ ቤት ላይ ግን እፈርዳለሁ።

«ከጣቢያው በር ከወጣሁ አይነኩኝም።»

ይህን የሚያምን ሌባ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ቦርሳ ነጥቆ የሮጠ ልጅ እያየው አስፋልቱን ሲሻገር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ፤ «ሥልጣኔ እዚህ ያበቃል» ብሎ። በብዙ አገር ሕግ እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሌባ እንኳን ፖሊስ ተራው ዜጋ ሊይዝ እንደሚችል አስተምሬው ነበር። ፈተናውንም አልፏል።

የወሰን ጉዳይ እውነተኛ ጥያቄ መሆኑ አልጠፋኝም። ባቡር ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው ሲገባ ወንጀለኛውም አብሮ ይገባል። ሜትሮ የሚባለው የዋሽንግተን ከተማ ባቡር በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ስለሚያልፍ በ1976 የተመሠረተው ፖሊሱ በሦስቱም ሥልጣን እንዲኖረው ተደርጓል። ለሚያስከብረው ሕግ ግን ባቡሩ የቆመበትን ቦታ ማየት አለበት። ብሪታንያም ከ2001ዱ የመስከረም 11 ጥቃት በኋላ ባወጣችው የፀረ ሽብር ሕግ የትራንስፖርት ፖሊሷ ከሐዲዱ ውጭ የሚሠራበትን ሁኔታ ደነገገች። ሌላ ፖሊስ እርዳታ ከጠየቀው ይችላል። ካልተጠየቀ ደግሞ ወንጀል ተፈጽሟል ወይም ሊፈጸም ነው ብሎ ሲጠረጥር፣ ወይም ሕይወት ለማዳን፣ የአካባቢውን ፖሊስ ቢጠብቅ ነገሩ የሚያመልጠው መሆኑን በምክንያት ሲያምን፣ ያውም የደንብ ልብስ ለብሶ ወይም መታወቂያ ይዞ መሆን አለበት። እንዲህ የተጻፈ የሥልጣን ማስፋት አይከፋኝም፤ መቼና እንዴት የሚለው እዚያው አለ።

«ሥልጣን ማስፋት ማለት ማሰርና ማስታጠቅ ነው።»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ደጋፊና ተቃዋሚ በዚህ አንድ ናቸው፤ ሥልጣን ሲባል ለሁለቱም የሚታያቸው ካቴናና ሽጉጥ ነው። ሥልጣን በሚዛን የሚመዘን ጆንያ እህል ይመስላቸዋል፦ ይጨመር፣ ይቀነስ። ሕጉ ላይ ግን ሥልጣን ተዘርዝሮ ነው የሚጻፈው፦ ማስቆም፣ ስም መጠየቅ፣ መፈተሽ፣ ከባቡር ማስወረድ፣ ለተወሰነ ጊዜ ማገድ፣ መቅጣት፣ መያዝ፣ በኃይል መጠቀም። አንዱን የሚያስፈቅደው ምክንያት ሌላውን አያስፈቅድም።

የዋሽንግተን ዲሲን ጉዳይ ተመልከቱ። እዚያ ሳይከፍሉ መሳፈር ቀድሞ ወንጀል ነበር፤ እስከ 300 ዶላር ቅጣትና እስከ 10 ቀን እስራት ነበረው። በ2018 መጨረሻ የከተማዋ ምክር ቤት ወንጀልነቱን አንስቶ በ50 ዶላር የሚያስቀጣ የደንብ መተላለፍ እንዲሆን ወሰነ። ከንቲባዋ አልቀበልም ቢሉም ምክር ቤቱ በ2019 መጀመሪያ በድጋሚ ድምፅ አጸናው። እስከዚህ ያለውን ሁሉም ያወራዋል። የማይወራው ቀጥሎ የመጣው ነው። የቅጣት ወረቀት ለመጻፍ ስም ያስፈልጋል። ድርጊቱ ወንጀል መሆኑ ከቀረ ወዲያ ግን ሳይከፍል የገባውን ሰው እውነተኛ ስሙንና አድራሻውን እንዲሰጥ የሚያስገድድ ነገር አልነበረም። ቅጣት አለ፣ ቀጪም አለ፣ ወረቀቱ ላይ የሚጻፍ ስም ግን የለም። በ2024 የወጣው የከተማዋ ሰፊ የጸጥታ ሕግ ከነካቸው ነገሮች አንዱ ይህ ክፍተት ነው፤ ባለመክፈል የተያዘ ሰው እውነተኛ ስሙንና አድራሻውን ለሜትሮ ፖሊስ የመስጠት ግዴታ ተጣለበት፣ እምቢ ካለም በገንዘብ ይቀጣል። የተጨመረው አንድ ጥያቄ የመጠየቅ ሥልጣን ነው። በዚያው ሰሞን የጣቢያዎቹ መግቢያዎች ለመዝለል በማይመቹ ረጃጅም በሮች ተተክተዋልና ከዚያ ወዲህ የመጣውን ለውጥ ሁሉ ለሕጉ ብቻ የሚሰጥ ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት።

እንግሊዞች ይህን ከመቶ ዓመት በፊት ገብቷቸዋል። በ1889 በወጣው የምድር ባቡር ሕግ፣ ትኬት ማሳየት ወይም መክፈል ያልቻለ ተሳፋሪ ለባቡር ድርጅቱ ሠራተኛ ስሙንና አድራሻውን መስጠት አለበት፤ እምቢ ካለ ሠራተኛው ራሱ ሊያቆየው ይችላል። ሠራተኛው ነው፣ ልብ በሉ፤ ፖሊስ እንኳን አይደለም።

ክፍል ስገባ ሰልጣኞቼን «ምን ሥልጣን ጎደላችሁ?» ብዬ እጀምራለሁ። መልሱን ሳልጠይቅም አውቀዋለሁ፤ ሽጉጥ፣ ካልሆነም ካቴና። ከዚያ አንድ ሰካራም እሰጣቸዋለሁ። ባቡሩ መጨረሻው ጣቢያ ደርሷል፣ ሰውየው ማንንም አልመታም፣ አልሰደበም፣ አልወርድም ብቻ ብሏል። በየትኛው ሥልጣን ነው የምታወርዱት? እጁን ብትይዙት ምን ዓይነት ድርጊት ነው የፈጸማችሁት? ክፍሉ ጸጥ ይላል። የዕለት ሥራቸው ይህ ነው፤ ሽጉጡ ለዚህ አይመልስም።

መያዝ ራሱ ዋጋ አለው። አንድ መኮንን አንድ ሰው በያዘ ቁጥር ወደ ጣቢያ መውሰድ፣ መመዝገብ፣ ቃል መቀበል፣ ሪፖርት መጻፍ ይከተላል፤ በዚያ ሁሉ ሰዓት ባቡሩ ውስጥ የለም። ትኬት ላልቆረጠ ሁሉ እስር ይሁን የሚሉት ሰዎች ፖሊሱን ከባቡሩ የሚያስወርድ ሕግ እየጠየቁ መሆኑ አይታያቸውም።

መሣሪያን በተመለከተ ደግሞ አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ባለችው ኦክላንድ ውስጥ ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ሌሊት የሆነውን አስታውሱ። የባርት ባቡር ፖሊሶች ፍሩትቬል ጣቢያ ላይ ያስቆሙትን ኦስካር ግራንት የተባለ የ22 ዓመት ወጣት፣ መሣሪያ ያልያዘና በሆዱ የተኛ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ መኮንን ጀርባው ላይ ተኩሶ ገደለው። መኮንኑ ያወጣሁት የኤሌክትሪክ ማደንዘዣው መስሎኝ ነው አለ፤ በ2010 ባለማሰብ ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተባለ። የማስቆም ሥልጣን ነበረው፣ የመያዝም ነበረው፣ ሽጉጥም ነበረው። ከሥልጣን በኩል የጎደለው ነገር አልነበረም። ባርት ነጻ የፖሊስ ኦዲተርና የዜጎች መርማሪ ቦርድ ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ አቤቱታ ሰሚው ከሽጉጡ እኩል መምጣት ነበረበት።

ሕግ የምታረቅቁ ካላችሁ እንግዲህ አንድ ጊዜ ስሙኝ። «አስፈላጊውን እርምጃ ይወስዳል» የሚል ዓረፍተ ነገር አታስገቡ፤ መኮንኑንም ተሳፋሪውንም ለዳኛ ግምት ነው የምትጥሏቸው። እያንዳንዱን ሥልጣን ለብቻው ጻፉ፣ የሚሠራበትን ቦታ ወስኑ። ጣቢያው ደጃፍ ያለው አውቶቡስ ማቆሚያ ይጨምራል? የመኪና ማቆሚያውስ? ሐዲዱ ዳር ያለው አጥርስ? ምን ያህል ጥርጣሬ እንደሚበቃ ተናገሩ። ወንጀልነቱን ስታነሱ ስም የመጠየቁን ሥልጣን አብራችሁ እንዳታነሱት ተጠንቀቁ። ስልጠናውን በዚያው አንቀጽ አስገድዱ፤ «ወደፊት በመመሪያ ይወሰናል» የተባለ ስልጠና ስንት ዓመት እንደሚጠበቅ እኔን ጠይቁኝ። አቤቱታው ለመኮንኑ አለቃ ብቻ የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ ሰሚ አቆምን አትበሉ።

«ጣቢያ ከገባህ ለማንኛውም ፍተሻ ፈቅደሃል።»

አልፈቀድክም። የኒውዮርክ ፖሊስ ከለንደኑ የጁላይ 2005 ፍንዳታ በኋላ ምድር ለምድር ባቡሩ መግቢያ ላይ ያለ ጥርጣሬ ቦርሳ መፈተሽ ሲጀምር ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2006 ፍተሻውን ፈቀደው፤ ግን የታለመለት ፈንጂ በመሆኑ፣ ፍተሻው አጭር በመሆኑ፣ መኮንኑ በግምቱ ሰው የማይመርጥ በመሆኑና ተሳፋሪው «አልፈተሽም» ብሎ ተመልሶ መውጣት የሚችል በመሆኑ ነው። እነዚህን ገደቦች ካነሳችኋቸው ውሳኔውም አብሮ ይነሳል። ሰውን ለይቶ አስቁሞ ሰውነቱን መዳሰስ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በአሜሪካ ከ1968 ጀምሮ ባለው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ መኮንኑ ሰውየው መሣሪያ እንደያዘና አደገኛ እንደሆነ የሚያስጠረጥር፣ ሊናገረው የሚችለው ምክንያት ያስፈልገዋል። «አስተያየቱ ደስ አላለኝም» ምክንያት አይደለም፤ ይህን የፈተና ወረቀት ላይ ጽፎልኝ ዜሮ ያገኘ ሰልጣኝ እስከዛሬ አኩርፎኛል።

ስትቆሙ ግን አትታገሉ። ፍተሻው ሕገወጥ ነው ብላችሁ ብታምኑም ባቡር መሳፈሪያው ላይ በጉልበት የሚረታ ክርክር የለም። በጨዋ ቃል «አልፈቀድኩም» በሉ፣ «መሄድ እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ የመኮንኑን ቁጥር፣ ጣቢያውንና ሰዓቱን ያዙ። ብዙ ጣቢያ ካሜራ አለው፤ ምስሉ ግን ለዘላለም አይቀመጥም፣ ስለዚህ ምስሉ እንዲቆይላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ያውም በማግስቱ። አንዲት ዘመዴ አቤቱታዋን ይዛ የሄደችው የካሜራው ምስል ከጠፋ በኋላ ነበር፤ ከእሷ ቃል በቀር የቀረ ማስረጃ አልነበረም።

«አንዴ የተሰጠ ሥልጣን አይመለስም።»

ይመለሳል። ጃፓን በ1987 ብሔራዊ ምድር ባቡሯን ወደ ግል ስታዞር የባቡሩን የራሱን የጸጥታ መኮንኖች አስቀርታ ሥራውን ለየአውራጃው ፖሊስ ሰጠች። ጀርመን በ1992 የባቡር ፖሊሷን ተግባር ለፌዴራል የድንበር ጥበቃ አስተላለፈች። የኒውዮርክ ትራንዚት ፖሊስም በ1995 ከከተማው ፖሊስ ጋር ተዋሃደ።

«ፖሊስን በስልክ መቅረጽ ክልክል ነው።»

በአሜሪካ በርካታ የይግባኝ ፍርድ ቤቶች መብት ነው ብለዋል። ሥራውን ሳታደናቅፉ፣ ራቅ ብላችሁ ቅረጹ።

«ሲቪል የለበሰ መኮንን ሊያዘኝ አይችልም።»

በብዙ አገር ይችላል፤ ኪስ አውላቂ የሚያዘውም በአብዛኛው በዚሁ ነው። እናንተ መታወቂያውን ጠይቁ። ሲጠየቅ የሚቆጣ ከሆነ መታወቂያውን በደንብ አንብቡት።